በር የሌለው ሱቅ

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አክስቴ ባንኮኒዋ ሥር አጎንብሳ የሚጻፍበት ወረቀት ትፈልጋለች፤ እኔ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ንዴቷን አዳምጣለሁ። የቀን ገቢ ግምቷ የተነገራት በዚያው ሳምንት ነበር፤ 2,800 ብር። «እኔ በቀን 2,800 ብር ብሸጥ ኖሮ አንቺ ጆንያ ላይ ትቀመጪ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሱቋ ብቸኛ ወንበር እግሩ ከተሰበረ ሦስት ወር አልፎታል።

የዚያን ክረምት ነገር ለሚያስታውስ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። የግብር ገማቾች በየሱቁ ገብተው መደርደሪያውን ቃኝተው፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቀው ወጡ። ከሳምንታት በኋላ ቁጥር መጣ። በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። አክስቴ ግን አልዘጋችም፤ እሷ የምታምነው በሒሳብ ነው። «የሸጥኩትን አንድ በአንድ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይንገሩኝ» ብላ ነው ወረቀት ፍለጋ የገባችው። ፍርሃትም ነበረባት። ግምቱ እንዲሁ ከጸና ከትንንሾቹ ግብር ከፋዮች መደብ፣ ከደረጃ ሐ፣ ወጥታ ደረጃ ለ ልትገባ ነው፤ ያ ማለት መዝገብ መያዝ፣ ሒሳብ የሚሠራ ሰው መቅጠር፣ ዕድሜ ልኳን በራሷ ጭንቅላት ስታንቀሳቅሰው የኖረችውን ሱቅ ለሌላ ሰው እጅ መስጠት ማለት ነው።

ከባንኮኒው ሥር የወጣው ወረቀት የእኔ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። ባጅ አንጠልጥዬ እንግዳ እመራለሁ፣ ወረቀት አድላለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ በየጠረጴዛው የቀረውን እሰበስባለሁ። በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ንጹሕ ወረቀት ሲጣል ማየት አንጀቴን በላውና አስፈቅጄ አንድ ካርቶን ሙሉ ለአክስቴ ወሰድኩላት። ለቁንዶ በርበሬና ለኮረሪማ የሚሆን መጠቅለያ ሁልጊዜ ይቸግራት ነበር። እናም ለሁለት ዓመት ያህል የሰፈራችን ሰው እርዱን ወደ ቤቱ የወሰደው መንግሥታት ሲከራከሩባቸው በሰነበቱ አንቀጾች ጠቅልሎ ነው።

አክስቴ በባዶው ገጽ ላይ ጻፈች። ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ የሞባይል ካርድ። ካርዱ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አሳርፋ ትንሽ አጉረመረመች፤ ከአንዱ ካርድ የሚተርፋት ሳንቲም ሆኖ ሳለ ገማቾቹ የካርዱን ሙሉ ዋጋ የእሷ አድርገው እንደቆጠሩት እርግጠኛ ነበረች። ጽፋ ስትጨርስ ወደ እኔ ገፋችው። «ደምሪልኝ፤ ስናደድ የራሴን ድምር አላምነውም።» ደመርኩት። ዘጠኝ መቶ ብር ከጥቂት ሳንቲም። ከዚያ፣ እጄ ሥራ ስላጣ ነው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

በጀርባው በተራ ቁጥር የተጻፈ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ነበር፤ ስለ ዓለም አቀፍ የግብር ትብብር። ከአንቀጹ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮባታል። በእንግሊዝኛ አንድ ረዥም ቃል ናት፤ በአማርኛ ሦስት ቃል ትፈጃለች፦ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ።

«ምን ይላል?» አለችኝ አክስቴ።

«ድሃ አገሮች የዓለም የግብር ሕግ ሲወጣ እኛም እንቀመጥ ብለው ነበር።»

«እና አስቀመጧቸው?»

«አላስቀመጧቸውም።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ የራሷን ቁጥሮች ወደ ውጭ አድርጋ አጠፈችው። «እኔም ግብሩን ጠልቼ አይደለም» አለች። «ሲገምቱኝ አልነበርኩበትም።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም።

## ስምንት ቀን

ጉባኤው በሚካሄድበት ሰሞን ስለዚያ ክርክር አንድም ነገር አልገባኝም ነበር። በአዳራሹ በር ቆሜ የማየው የልዑካኑን ፊት ነው። ጠዋት ይሳሳቃሉ፤ ሲመሽ ይጠቁራሉ። ወደ ተዘጉት ክፍሎች ቡና ይገባል፣ ባዶ ስኒ ይወጣል። በየንግግሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ኮርቼበት ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝ። ተረቱ የድሩን ጫፍ ማን እንደሚይዝ አይናገርም። እኛ ጊዜያዊ ሠራተኞቹ የሚያስጨንቀን ደግሞ የመጨረሻው ቀን ክፍያ ነበር።

ነገሩን ተመልሼ ያነበብኩት ከአክስቴ ወረቀት በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በግብር ጉዳይ የሚመክር 25 ባለሙያዎች ያሉት ኮሚቴ አለው። ባለሙያዎቹን የሚያጩት መንግሥታት ቢሆኑም፣ ከተቀመጡ በኋላ የሚናገሩት በግላቸው እንጂ አገራቸውን ወክለው አይደለም። ቡድን 77 የሚባሉት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ይህ ኮሚቴ ወደ መንግሥታት ጉባኤ ከፍ ይበልና እያንዳንዱ አገር በራሱ ስም ይከራከርበት አሉ። ሀብታሞቹ አገሮች ደግሞ ሥራው ፓሪስ በሚገኘው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ ኦኢሲዲ በሚባለው፣ እየተሠራ ስለሆነ ሌላ ቤት መክፈት ድግግሞሽ ነው አሉ። ኦኢሲዲ ያን ጊዜ 34 አባላት ነበሩት። ከአፍሪካ አንድም አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ነገሩን የሚያመርረው ጊዜውና ቦታው ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ በዚህችው ከተማ፣ በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው ከፍተኛ ቡድን ሪፖርቱን ለአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አቅርቦ ነበር። አፍሪካ በሕገ ወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታጣለች ይላል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሙስና ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ሪፖርቱ ግን ጣቱን በዋናነት የቀሰረው የንግድ ሥራ ላይ ነው፤ በሐሰተኛ የዋጋ ደረሰኝና በትልልቅ ኩባንያዎች የሒሳብ ዘዴ። ስድስት ወር አልፎ ገንዘቡ የሚወጣበትን በር እንነጋገርበት የሚል ጥያቄ እዚሁ ሲቀርብ፣ ጊዜው አይደለም ተባለ።

ሐምሌ 9 ቀን ሰነዱ ጸደቀ፤ የአዲስ አበባ የድርጊት አጀንዳ ተባለ። እኛም ከበሩ ላይ አጨበጨብን፣ ባጃችንን እንዳንጠለጠልን ፎቶ ተነሣን። ደጋሽ ድግሱ እንዲያምርለት ይፈልጋል፤ የከተማችን ስም በዓለም ሰነድ ላይ መውጣቱ ብቻ ደስ አሰኝቶን ነበር። ግን ያቺን ቃል በኋላ በመጨረሻው ሰነድ ውስጥ ስፈልጋት አገኘኋት። አልተባረረችም፤ ቦታዋን ነው ያዛወሯት። ኮሚቴውን ልትገልጽ የመጣችው ቃል፣ መንግሥታት ስለ ግብር የሚያደርጉትን ምክክር የሚያጠናክር ስብሰባ ይኑር የምትል ሐረግ ውስጥ ተሰክታለች። ቃሉን ሰጥቶ ትርጉሙን ማስቀረት ይሉሃል ይህ ነው። ኮሚቴውማ በዓመት አንድ ጊዜ መሰብሰቡ ቀርቶ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት አራት ቀን እንዲቀመጥ ተወሰነለት። በዓመት ስምንት ቀን።

## በሩ የት ነው?

አክስቴ የተገመተችው በር ስላላት ነው። ገማቹ ይገባል፣ ሚዛኑን ያያል፣ የዘይቱን ጄሪካን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከኋላው ሌላ መኖሩን ያረጋግጣል። ከሱቋ ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጥ ወጣት አለ። ጫማዎቹን በማኅበራዊ መገናኛ ለማስተዋወቅ በየወሩ ይከፍላል፤ ዶላር የሚከፍልለት ደላላ ፈልጎ፣ ኮሚሽን ጨምሮ። ያ ገንዘብ የሚሄድለት ኩባንያ ከአክስቴና ከጫማ ሻጩ፣ ከመንገዱም ሱቆች ሁሉ ተደምሮ የማይደረስበት ሀብት አለው። ግን እዚህ ሰፈር በር የለውም። ገማች የሚያንኳኳው ምኑን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና የዚህን ሕግ ሥር ስፈልግ ያልጠበቅሁት ቦታ ወሰደኝ። እኛ የመንግሥታቱን ማኅበር የምናስታውሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በፈጸመብን ክህደት ነው፤ የጄኔቫውን ንግግር ሕፃን ሳለን ጀምሮ እናውቀዋለን። ያው ማኅበር ግን ማንም የማያስታውሰው ሌላ ውርስም ትቷል። እ.ኤ.አ. በ1923 አራት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ለማኅበሩ አንድ ሪፖርት አቀረቡ፤ በአንዱ አገር ያለ ባለገንዘብ በሌላ አገር ገቢ ሲያገኝ ግብሩን ማን ይውሰድ? በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው ኢትዮጵያ ማኅበሩን የተቀላቀለችው። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የተቀረጸው መርሕ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኩባንያው በአገርህ ውስጥ ቋሚ የሥራ ቦታ፣ ማለትም ቢሮ ወይም ፋብሪካ ወይም ቅርንጫፍ፣ ከሌለው ከንግድ ትርፉ ግብር አትጠይቀውም። በባቡርና በቴሌግራም ዘመን ይህ ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ግን በር የሌላቸው ሱቆች በየኪሳችን ናቸው።

ከሁሉ የገረመኝ የመካከለኛው ታሪክ ነው። በ1943 ዓለም በጦርነት ላይ ሳለች የማኅበሩ የግብር ባለሙያዎች ሜክሲኮ ሲቲ ተሰበሰቡ። አውሮፓ በእሳት ውስጥ ስለነበረች ወንበሩን የሞሉት በብዛት የላቲን አሜሪካ ሰዎች ነበሩ። ያወጡት ሞዴል ገቢው ለተገኘበት አገር የሚያደላ ሆነ። በ1946 ጦርነቱ አብቅቶ ለንደን ላይ በድጋሚ ሲሰበሰቡ፣ ባለ ገንዘቦቹ አገሮች ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሞዴሉም ወደ ባለ ገንዘቡ መኖሪያ አገር ተመለሰ። ኦኢሲዲ በኋላ ያሳደገው ይህን የለንደኑን መሥመር ነው። አንድ ጥያቄ፣ በሦስት ዓመት ልዩነት፣ ሁለት መልስ። በመካከሉ የተለወጠው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ነው።

## መጋረጃው ሲገለጥ

በእኛ ቋንቋ ግብር የሚከፈልም የሚበላም ነው። ገበሬው ግብር ያስገባል፣ ንጉሡ ግብር ያበላል። ቃሉ አንድ መሆኑን ልጅ ሳለሁ እንደ ቀልድ ነበር የማየው፤ አሁን ግን የአስተዳደር ሳይንስ ሁሉ እዚያ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በድሮው ግብር ቤት ንጉሡና ታላላቆቹ አስቀድመው ከመጋረጃ ጀርባ ይበላሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው እንደ ማዕረጉ ይገባል፤ መጀመሪያ ቅርብ ያለው፣ ቀጥሎ የሩቁ፣ በመጨረሻ ወታደሩ። ማንም ተርቦ አይወጣም ይባላል። ምን እንደሚታረድና የትኛው ሥጋ ለማን እንደሚደርስ ግን ወታደሩ አይጠየቅም።

ከአዲስ አበባው ጉባኤ ሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ.፣ ኦኢሲዲና የታላላቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ የሆኑት የቡድን 20 አገሮች ትርፍን ወደ ዝቅተኛ ግብር አገሮች ማሸሽን ለመከላከል ያዘጋጁትን 15 ነጥቦች ያሉት ሰነድ አወጡ። በቀጣዩ ዓመት መጋረጃው ተገለጠና ሌሎች አገሮች «በእኩልነት» እንዲገቡ ተጋበዙ። መግቢያው ደግሞ አስቀድመው የተዘጋጁትን አራት ዝቅተኛ መለኪያዎች መቀበልና ዓመታዊ መዋጮ መክፈል ነው። ይህ ስብስብ ዛሬ ከ140 በላይ አባላት አሉት፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም ገብተዋል። በቃሉ እኩልነት የሚያምኑ አሉ፤ እኔ ግን ምግቡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ እኩልነት ማንኪያ ላይ ብቻ የሚሆን ይመስለኛል።

በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በዚያው ስብስብ ስለ ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ግብር ትልቁ ስምምነት ሲፈረም 136ቱ ተስማሙ። አራት አገሮች አንፈርምም አሉ፦ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ፓኪስታንና ስሪ ላንካ። ሰዎቹ እልኸኛ ሆነው አይደለም። ትርፍን ለገበያው አገር የሚያካፍለው ክፍል መጀመሪያ የሚመለከተው ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ20 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የሆኑ ኩባንያዎችን ብቻ ነበር፤ ፈራሚው ደግሞ በዲጂታል አገልግሎት ላይ የጣለውን የራሱን ግብር መተው ነበረበት። ኬንያ በዚያው ዓመት ጥር ላይ 1.5 በመቶ መሰብሰብ ጀምራ ነበር። በእጅ ያለችውን ትንሽ ነገር ጥላ፣ ይመጣል የተባለውን ትጠብቅ? በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው፤ ኬንያ ገደሉን አየችው።

## አናጺው ማን ነው?

ኅዳር 2016 ዓ.ም. ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ዜናውን አየሁት። የአፍሪካ አገሮች በናይጄሪያ አማካይነት ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር የግብር ትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እንዲዘጋጅ የሚጠይቀው፣ በ125 ድጋፍ፣ በ48 ተቃውሞና በዘጠኝ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። ተቃዋሚዎቹ እነማን እንደሆኑ መገመት አያስቸግርም፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጃፓን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች። የዚያ ሰማያዊ እስክሪብቶ ባለቤት ትዝ አለኝ። ጡረታ ወጥቶ ይሆን? በሕይወት አለ?

ለአክስቴ ደወልኩላት። ነገሩን በደንብ ታስታውሳለች።

«አሁን ተቀመጡ ማለት ነው?»

«መቀመጫው እንዲሠራ ተስማሙ፣ እቴቴ።»

«አናጺው ማን ነው?»

ስቄ ነበር። ቆይቶ ስቄ የማልፈው ጥያቄ እንዳልሆነ ገባኝ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የድርድሩ መነሻ ሰነድ ለድምፅ ሲቀርብ የተቃወሙት ስምንት ብቻ ሆኑ፤ 44 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከተቃውሞ ወደ ዝምታ ተሻገሩ ማለት ነው፤ በዲፕሎማሲ ይህ ትንሽ አይደለም። በየካቲት 2025 ግን ድርድሩ ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት የአሜሪካ ልዑካን እንደማይሳተፉ ተናግረው አዳራሹን ለቀው ወጡ፤ ሌሎችም እንዲከተሏቸው ጠየቁ። ያን ዕለት የተከተላቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ የአዲስ አበባው ጉባኤ ተከታይ ስፔን ሴቪያ ላይ ሲካሄድም አሜሪካ አልተገኘችም።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ቤታቸው አሜሪካ ነው። እሷ ያልፈረመችው ስምምነት ምን ይሰበስባል? የ193 አገሮች ስብሰባ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱን ሐረግ ለማስተካከል ሳምንት ይፈጃል። ጥቂቶች በትንሽ ክፍል ቢሠሩት ይፈጥናል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ሞኞችም አይደሉም። የኦኢሲዲው ቤት በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ 15 በመቶ ዝቅተኛ ግብር የሚል ነገር አውጥቷል፤ ብዙ አገሮችም ሕግ አድርገውታል። ይህን መካድ አይገባም።

ግን ያ ፈጣን ቤትስ ምን ሆነ? በሰኔ 2025 ሀብታሞቹ የቡድን 7 አገሮች ተሰብስበው የአሜሪካ ኩባንያዎች ከዝቅተኛው ግብር ዋና ዋና ድንጋጌዎች ነፃ እንዲሆኑ ተስማሙ። ዓመታት የፈጀው ነገር በአንድ መግለጫ ተሸራረፈ። ስለዚህ ትልቁ እንግዳ ሲቆጣ ትንሹም ቤት ይናጋል፣ ትልቁም ቤት ይናጋል። ልዩነቱ በትልቁ ቤት ውስጥ ሲናጋ ሁሉም ያያል፤ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ ይመዘገባል። ይህ ገንዘብ አይደለም። ሆኖም አክስቴ በዚያ ክረምት የጠየቀችው ገንዘብ ነበር እንዴ?

ሁሉም በሙሉ ስምምነት ይወሰን የሚለውን ክርክርም እንዲሁ ነው የማየው። ለጆሮ ይጥማል፤ ሽማግሌ ፊት እንደመስማማት። በተግባር ግን ባለው ሁኔታ የሚጠቀመው ወገን እምቢ እያለ ዕድሜውን ሁሉ ሊኖርበት ይችላል፤ እምቢ ማለት ምንም አያስከፍለውምና። ድምፅ ሲሰጥ ግን እምቢታ ቁጥር ይሆናል። 48 ነበር፣ ስምንት ሆነ። ስለ ዓለም አስተዳደር ማሻሻያ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ አፍሪካም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነሙሉ መብቱ ስትጠይቅ ኖራለች፣ ይገባታልም። ነገር ግን የምክር ቤቱ ወንበር ፎቶ ስለሚያምር ይመስለኛል ሁሉም እዚያ የሚረባረበው። የግብር ሞዴል ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ማንም ፎቶ አይነሣም።

## እኛስ ስንገምት

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አክስቴ አትምረኝም። ኒውዮርክ ላይ «ያለ እኛ ስለ እኛ አትወስኑ» የሚሉት መንግሥታት አገር ቤት ሲመለሱ ገማች ይልካሉ። የማንንም አገር ለይቼ አይደለም፤ በአህጉሩ ሁሉ በሩ የሚታየው ትንሹ ሱቅ ስለሆነ ቀድሞ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው። ትልቁን ማስከፈል ባለመቻሉ የሚጎድለው ከትንሹ እንዲሞላ ይፈለጋል። ይህ ደግሞ የሁለቱ ታሪኮች መገናኛ ነው፤ ምሳሌ ፍለጋ ያገጣጠምኳቸው አይደሉም። የጫማ ሻጩ ዶላር በር በሌለው ሱቅ በኩል ስለወጣ ነው የአክስቴ የሞባይል ካርድ ሳንቲም የሚቆጠረው።

የአፍሪካ ኅብረትም ከዚህ አያመልጥም። መሪዎቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ከአህጉሩ ውጭ ከሚገባ ዕቃ 0.2 በመቶ ሰብስበን ኅብረታችንን በራሳችን ገንዘብ እናንቀሳቅስ ብለው ወሰኑ። ሁሉም አልሰበሰበውም፤ የኅብረቱ ሥራ ዛሬም በብዙ መልኩ የለጋሾችን እጅ ያያል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ተረቱ ሻካራ ነው፣ ግን ድርድር ጠረጴዛ ላይ ከነልዑካን ቡድኑ የአውሮፕላን ትኬት ጭምር የከፈለልህን ወገን መቃወም ምን ያህል እንደሚከብድ በሩ ላይ የቆመ ሰው ያየዋል።

ወደዚያ ክረምት ልመለስ። አክስቴ ቅሬታዋን ይዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሰልፉ ደረጃውን አልፎ ግቢው ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ሁሉም በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ብብቱ ሥር ይዟል። ተራዋ ሲደርስ ቅሬታ ሰሚው ወጣት ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ተቀመጠች። ዝርዝሯን አነበበ፣ ስለ ሞባይል ካርዱ ጠየቃት፣ አስረዳችው፣ ጻፈ። ከዚያ እሱም እንደ እኔ ወረቀቱን ገለበጠው።

«ይህ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«የኮረሪማ መጠቅለያ ነው» አለችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ 2,800ው 1,500 ሆነ። ደረጃ ሐ ላይ ቀረች። የእኔ ቁጥር ይህ አይደለም ትላለች እስከ ዛሬ፤ ግን ከፍላለች፣ በየዓመቱም ትከፍላለች። ከቢሮው ስንወጣ ያን ወረቀት በሌላ ወረቀት ላይ ቀድታ እንድታስገባና ዋናውን ለእኔ እንድትሰጠኝ ለምኛት ነበር። አሻፈረኝ አለች። «ማስረጃዬ ነው፤ አይነካም» ብላ በስቴፕለር አስመትታ ከማመልከቻው ጋር አስረክባ ነበርና። ካልተጣለ ዛሬም በአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ፣ የስኳሩና የሻማው ሒሳብ ወደ ላይ፣ ያቺ ሁለት ጊዜ የተሰመረባት ቃል ወደ ታች ሆና ተቀምጣ ይሆናል።